የጥለት ቀለም ለምን ይለቃል? ከጃፓን ጋን የሚቀሰም ትምህርት

አዲስ ነጠላ በመጀመሪያው እጥበት የጥለቱ ቀለም ወደ ነጩ ሸማ ሲፈስ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። ከሰቆጣ እስከ ሰሃላ የክት ልብስ በጥንቃቄ ተጣጥፎ በሚቀመጥበት አገር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ገዢው ልብሱን፣ ሸማኔው ደንበኛውን ያጣል። ለመሆኑ የችግሩ ምክንያት ምንድን ነው?

በውሃ የሚሟሟ ቀለም ከጥጡ ጋር በጽኑ ካልተሳሰረ፣ ያስገባው ውሃ መልሶ ያወጣዋል። በውሃ የማይሟሟ ቀለም ደግሞ ወደ ክሩ አይዘልቅም። የጃፓን ቀለም ነካሪዎች ይህን እንቆቅልሽ የፈቱት በማብላላት ነው።

የኢንዲጎ ቅጠል ለሦስት ወር ያህል ከተብላላ በኋላ በጋን ውስጥ ከአመድ ውሃ፣ ከስንዴ ፉርሽካና ከኖራ ጋር ይደባለቃል። በዚያ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ለኢንዲጎው ኤሌክትሮን በመስጠት ወደሚሟሟ ቢጫማ ውሁድ ይለውጡታል። የተነከረው ክር ከጋኑ ሲወጣ የአየሩ ኦክሲጅን ኤሌክትሮኖቹን መልሶ ይወስዳል፤ ክሩም በዓይን እየታየ ሰማያዊ ይሆናል። የማይሟሟው ቀለም በክሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ድምቀቱ የሚገኘው ደጋግሞ በመንከርና በማናፈስ ነው።

በሂሮሺማ ግዛት የሚገኘው ካይሃራ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1893 ሲመሠረት ሥራው ካሱሪ ነበር፤ ይኸውም እንደ ጥለታችን ክሩ ከመሸመኑ በፊት የሚቀለም ጨርቅ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህንኑ መንከርና ማናፈስ በማሽን በመተካት የጂንስ ክር ማቅለም ጀመረ። ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1897 ለገበያ ያቀረቡት የፋብሪካ ኢንዲጎም በሞለኪዩሉ ከተክሉ አይለይምና፣ ሙከራው የግድ ተክል አይጠይቅም።

እርግጥ ኢንዲጎም እንከን አለው። ቀለሙ በክሩ ጠርዝ ላይ ስለሚያይል በፍትጊያ ይነሳል፤ ጂንስ ጉልበቱ ላይ የሚነጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያልታሰረው ቀለም ክሩ ወደ ሸማኔው ከመድረሱ በፊት ታጥቦ መውጣት አለበት። ውሃ ብርቅ በሆነበት በዋግ ኽምራ ደግሞ ሙሉ ልብስ ከማበላሸት ጥቂት ክር አስቀድሞ ማጠብ ይሻላል።

አመድም፣ ፉርሽካም፣ ጠላ የሚያብላላ እጅም በየቤቱ አለ። የሚቀረው ፍተሻው ነው፦ የተቀለመውን ክር በነጭ የጥጥ ቁራጭ ጠቅልሎ በሞቀ የሳሙና ውሃ ማጠብ። ቁራጩ ነጭ ሆኖ ከወጣ ክሩ ለጥለት ይበቃል፤ ካልወጣ ግን ሸማውን ሳይነካ ይመለስ።