መጽሐፉን ዘግቶ ስለ መከለስ

«ቲቸር፣ ኬሚስትሪን ስንት ጊዜ ባነበው ይበቃኛል?» የሚል አጭር መልእክት ትናንት ማታ ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደረሰኝ። በሁለት መስመር መልሼላት ልተኛ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው የእርስዋ ብቻ ሳይሆን እኔም በዕድሜዋ ሳለሁ ተሰናክዬ የወደቅሁበት መሆኑን ሳስታውስ፣ ለእርስዋ የምመልሰውን ሌሎቻችሁም ታነብቡት ዘንድ እዚሁ ልጽፈው ወደድሁ።

ልጄ፣ እኔ ለማትሪክ ስዘጋጅ የኤሌክትሮኬሚስትሪን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ነበር። በሦስተኛው ንባብ ዐረፍተ ነገሩ ገና ሳይፈጸም ፍጻሜው በኅሊናዬ ይቀድመኝ ስለ ነበር፣ ይህን መላመድ ዕውቀት አድርጌ ቈጠርሁት፤ በፈተናው ዕለት ግን አኖድ አሉታዊ የሚሆነው በየትኛው ሴል እንደ ሆነ ስጠየቅ፣ ገጹና ሥዕሉ፣ በኅዳጉ ላይ የነበረው የሻይ ጠብታ እንኳ ሳይቀር ፊቴ ድቅን እያለ መልሱ ብቻ ጠፋኝ።

የሚያሳፍረኝ፣ ይህን ነገር ከኬሚስትሪ አስቀድሞ የቄስ ትምህርት ቤት አሳይቶኝ የነበረ መሆኑ ነው። እዚያ፣ ቀን ቀን ዳዊት ከመጽሐፍ ይነበባል፤ ሲመሽ ግን፣ መብራት በሌለበት ጨለማ፣ የቃል ትምህርት ይጀመራል፤ የኔታ የሚሰጡትን ተማሪው በጆሮው ተቀብሎ ይደግማል፣ በሌላ ቀንም ያለ መጽሐፍ አውጥቶ ያሰማል። ዓይን የሚመረኰዝበት ገጽ ስለሌለ፣ ቃሉ ከልቡና ካልወጣ ከየትም አይመጣም። የኔታ በልማድ ያጸኑትን ይህን ሥርዐት ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2006 ባሳተሙት ጥናት መርምረውታል፤ አንዱ ወገን አንድን ምንባብ ደግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው ወገን ግን ምንባቡን ሳያይ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግሞ ያነበበው በጥቂት በለጠ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን እርሱ 42 ከመቶ ያህል ሲያስታውስ፣ ከልቡ አውጥቶ የጻፈው 56 ከመቶ አስታወሰ። እናንተ «ገባኝ፣ ጨረስሁት» ብላችሁ ወደ ሌላ ምዕራፍ የምትሻገሩት በዚያች በ5 ደቂቃዋ ላይ ቆማችሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ጊዜ አስተውለሽ አንብቢ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግተሽ ባዶ ወረቀት ፊትሽ አኑሪ። ሁለት ሴል ሣዪ፣ አንዱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ የሚቀበል። በሁለቱም ኦክሲዴሽን የሚሆነው በአኖድ ነው፤ ይህ አይለወጥም። የሚለወጠው ምልክቱ ነው፤ በመጀመሪያው አኖዱ ራሱ ኤሌክትሮን ወደ ሽቦው ስለሚሰድ አሉታዊ ሲሆን፣ በሁለተኛው ባትሪው ኤሌክትሮኑን ከአኖዱ ስቦ ስለሚወስድበት አዎንታዊ ይሆናል። እኔ ምልክቱን ሸምድጄ ምክንያቱን ትቼ ነበርና ምልክቱም አልቀረልኝ።

ስሌትም እንዲሁ ነው። ካልኩሌተር ወደ ፈተናው አይገባምና፣ በስልክሽ የተሠራ ልምምድ የሚለማመደው ስልኩ ነው። የ2 ሎጋሪዝም 0.30፣ የ3 ደግሞ 0.48 መሆኑን ብቻ ያዢና 0.1 ሞላር የሆነውን አሴቲክ አሲድ ውሰጂ፤ የመበተን ቋሚው 1.8 × 10⁻⁵ ነው። 18 ማለት 2 በ3 በ3 ነውና ሎጋሪዝሙ 1.26 ይሆናል፤ የ1.8 እንግዲህ 0.26 ነው፤ ከ5 ሲቀነስ 4.74 ይቀራል። በዚያ ላይ ከ0.1 የሚመጣውን 1 ጨምረሽ ለ2 ስትከፍዪው ፒኤቹ 2.87 ነው። አሲዱ ደካማ ስለ ሆነና የሚበተነው ጥቂት ስለ ሆነ ነው ይህ አቋራጭ የሚሠራው፤ ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ አትሞክሪው።

የስሕተት መዝገብም ይኑርሽ። በንስሓ አባት ፊት በጅምላ «ኃጢአተኛ ነኝ» ብሎ ማለፍ ቀላል እንደ ሆነ ሁሉ፣ «ኤሌክትሮኬሚስትሪ ይከብደኛል» ማለትም ቀላል ነው፤ መዝገቡ የሚፈልገው ግን እያንዳንዱን በደል በስሙ ነው። ምሳሌ ልስጥሽ፤ የብር ስታንዳርድ ፖቴንሻል 0.80፣ የመዳብ 0.34 ቮልት ነው። እኩልታውን ለማመዛዘን የብሩን በ2 ያባዛ ተማሪ 0.80ንም አብሮ ያባዛና 1.26 ቮልት ያወጣል፤ ትክክለኛው 0.46 ነው። ቮልት ለእያንዳንዱ ቻርጅ የሚደርሰው ጕልበት ነውና፣ ኤሌክትሮኑ ቢበዛ ጠቅላላው ጕልበት ይበዛል እንጂ የነፍስ ወከፉ ድርሻ አይለወጥም። መዝገብሽ ላይ «ቮልትን አባዛሁ» ብለሽ ከነምክንያቱ ጻፊው፤ ከሦስት ቀን በኋላ መልሱን ሸፍነሽ እንደገና ሥሪው፣ ከሳምንት በኋላም እንዲሁ። ጥያቄዎቹንም ቀላቅያቸው፤ ፈተናው ከየትኛው ምዕራፍ እንደ ጠየቀሽ አይነግርሽምና።

ምክንያቱን መመርመር የማያስፈልግበትም አለ፤ የኢንዱስትሪው ኬሚስትሪ (አሞኒያ በብረት፣ ሰልፈሪክ አሲድ በቫናዲየም ፔንቶክሳይድ አጋዥነት መመረቱና የመሰለው) አብዛኛው ሽምደዳ ነው፤ አትፈላሰፊበት፣ ሸምድጂው።

ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ አድራችሁ የምትወስዱ ከሆነ፣ ስልክ ወደዚያ ስለማይገባ፣ የሰበሰባችሁት ፒዲኤፍ ሁሉ በዋዜማው ሌሊት ከእናንተ ጋር አይኖርም። ያ ሌሊት መብራት እንደሌለው የቃል ትምህርት ነው።

ነገ ማታ አምስት ጥያቄዎች እዚህ እለጥፋለሁ። መልሱ ከሦስት ቀን በኋላ ይመጣል፤ እስከዚያ «ቲቸር መልሱን ብቻ» ብሎ በውስጥ ለሚጽፍልኝ አልመልስም።