በ11ኛ ክፍል የሚመጣው ምርጫ

አንድ ተማሪ 9ኛንና 10ኛን ክፍል እስኪጨርስ ድረስ የሚማረውን ራሱ አይመርጥም። ሁሉም ተማሪ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ አንድ ላይ ይማራል። 11ኛ ክፍል ሲገባ ግን መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሁለተኛው የማኅበራዊ ሳይንስ ይባላል። ተማሪዎቹ በአጭሩ «ናቹራል» እና «ሶሻል» ይሏቸዋል። ልጁ ከሁለቱ አንዱን ይዞ ሁለት ዓመት ይማራል። በ12ኛ ክፍል መጨረሻ አገር አቀፉን ፈተና የሚፈተነውም በዚያው በመረጠው ነው።

ብዙ ወላጅ ይህን ምርጫ የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ተማክሮ ይመዘገባል። አባት «ምን ገባህ?» ሲለው «ናቹራል» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እናትም «እኔ በዚህ አላለፍኩ፣ ምን አውቄ ልናገር» ብላ ዝም ትላለች። ዝም የሚያሰኝ ነገር ግን አይደለም። የተፈጥሮ ሳይንስ ያልተፈተነ ልጅ በኋላ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ልሁን ቢል በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። የሒሳብ አያያዝ፣ የሕግ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የጋዜጠኝነት ትምህርት ደግሞ ከማኅበራዊ ሳይንስ ጋር የተያያዘ ነው።

ታዲያ በየመንገዱ ያለው ትምህርት ምንድን ነው?

በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ዋናዎቹ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ናቸው። ፊዚክስ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ኃይል፣ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ብርሃን ያስተምራል። አንድ ጥያቄ እንመልከት። ድንጋይ ከገደል ጫፍ ተለቀቀ፤ መሬት እስኪደርስ 3 ሰኮንድ ፈጀበት። የገደሉ ከፍታ ስንት ነው? ልጁ መጀመሪያ የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰኮንዱ ወደ 10 ሜትር በሰኮንድ ያህል እንደሚጨምር ማወቅ አለበት። ከዚያ 3ን በ3 ያባዛል፤ 9 ይሆናል። 9ን በ5 ያባዛል፤ ወደ 45 ሜትር ይመጣል። 5ቱ ከየት መጣ? የ10 ግማሽ ነው። ድንጋዩ ሲለቀቅ ፍጥነት አልነበረውም፤ እየጨመረ ስለ ሄደ በአማካይ የተጓዘው በመጨረሻው ፍጥነቱ ግማሽ ነው። ፊዚክስ እንግዲህ እንዲህ ነው። ቀመሩን መሸምደድ ትንሹ ሥራ ነው፤ ትልቁ ሥራ ታሪኩን አንብቦ የትኛው ቀመር እንደሚገባ መለየት ነው። ሸምድዶ ማለፍ የለመደ ልጅ እዚህ ላይ ይደናገራል።

ኬሚስትሪም ስሌት አለው። ውሃ የሚሠራው ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ነው፤ ሁለት እጅ ሃይድሮጅን ከአንድ እጅ ኦክስጅን ጋር። ተማሪው እንዲህ ያለውን ሚዛን እየጠበቀ ማስላት አለበት። ባዮሎጂ ስሌቱ ጥቂት ነው፤ ንባቡና ስሙ ግን ብዙ ነው።

በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ አሉ። ታሪክ የነገሥታትን ስምና ዓመተ ምሕረትን መቁጠር ብቻ የሚመስለው አለ። ፈተናው ግን ጦርነቱ ለምን ተነሣ፣ ከውሉ በኋላ ምን ተለወጠ እያለ ይጠይቃል። ጂኦግራፊ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ሕዝብ ብዛት፣ ስለ ካርታ ነው። በካርታው ላይ አንዱ ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 50,000 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በካርታው 4 ሴንቲ ሜትር የሚርቁ ሁለት መንደሮች በመሬት 2 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ይህም ሒሳብ ነው። ኢኮኖሚክስ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በሥዕልና በቁጥር ያሳያል። የጤፍ ዋጋ ሲወደድ ገዢው ምን ያደርጋል? ገበሬውስ በሚቀጥለው ዓመት ምን ይዘራል?

ስለዚህ «ከሒሳብ ልሽሽ» ብሎ ወደ ሶሻል የሚሄድ ልጅ አላመለጠም። ሒሳብ በሁለቱም በኩል ይፈተናል፤ የፈተናው ወረቀት ብቻ ይለያያል። እንግሊዝኛም በሁለቱም አለ። በዚህ ላይ አፕቲትዩድ የሚባል ፈተና አለ። የራሱ መማሪያ መጽሐፍ የለውም፤ የማሰብና ነገርን የማገናዘብ ችሎታን ይለካል።

ናቹራል የጎበዝ፣ ሶሻል የሰነፍ ነው የሚል ወሬ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው አሠራር ይመስለኛል። በዚያ አሠራር ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 100 ተማሪዎች 70ው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆኑ ታቅዶ ነበር። ሰው ሁሉ «ቦታው ያለው እዚያ ነው» አለ። ወሬው ግን ሶሻል ቀላል ነው ወደ ማለት ዞረ፤ ይህ ደግሞ ልጆችን ጎዳ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጠ። ወደ 900 ሺህ ተማሪዎች ተፈተኑ። ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ወደ 30 ሺህ ብቻ ነበሩ። ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች ከመቶ ወደ 7 ያህሉ አለፉ፤ ከማኅበራዊ ሳይንስ ግን ከመቶ 2 እንኳ አልሞሉም። ቀላል ነው የተባለው መንገድ ብዙውን ተማሪ ጣለ ማለት ነው። ይህ የትምህርቱ ጥፋት አይመስለኝም። ሳያነብ አልፋለሁ ብሎ የገባው ብዙ ስለ ነበረ ይሆናል።

ግማሹን ያላመጣ ሁሉ እዚያው ይቀራል ማለት አይደለም። በየዓመቱ ከሚወሰነው ነጥብ በላይ ያገኙ ለማካካሻ ትምህርት ይገባሉ፤ «ሪሜዲያል» የሚሉት ነው። ሌሎች ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳሉ።

ወላጅ ምን ሊያደርግ ይችላል? የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ካርድ አውጥቶ ከልጁ ጋር ማየት ነው። ደረጃው ስንት ወጣ ብቻ አይታይ። ፊዚክስና ሒሳብ በአራቱ የትምህርት መንፈቅ እንዴት ሄዱ? ታሪክና ጂኦግራፊስ? አንዴ 80፣ አንዴ 45 የሆነ ትምህርት ካለ ምክንያቱ ይጠየቅ፤ መምህሩ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፣ ልጁ ታሞ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱ የቤተ ሙከራ ክፍል አለው? የፊዚክስ መምህርስ አለው? በአንዳንድ ወረዳ ይህ ጥያቄ ከልጁ ፍላጎት እኩል ይከብዳል። ስለ እያንዳንዱ ትምህርት ደግሞ ያስተማረውን መምህር ራሱን መጠየቅ ነው እንጂ የጎረቤት ልጅ ናቹራል ገባ ተብሎ የእኔም ይግባ አይባልም።

አንድ ነገር ደግሞ በቤት ውስጥ ያለ ምንም ወጪ ሊሞከር ይችላል። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ልጁ ከፊዚክሱ አንድ ገጽ፣ ከኢኮኖሚክሱም አንድ ገጽ ያንብብና በአማርኛ ለእናቱ ያስረዳ። እናት ትምህርቱን ማወቅ አያስፈልጋትም። «አልገባኝም፣ እስቲ ድገመው» ብትለው ይበቃል። በአንዱ ገጽ ላይ ምሳሌ እየፈለገ፣ መሬት ላይ እየጫረ ያስረዳል። በሌላው ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል ብቻ ይደጋግማል፣ ወይም ይቆጣል። ይህን ሁለት ሦስት ቀን ደጋግሞ ማየት ነው፤ የምዝገባው ቀን ከመድረሱ በፊት።