የጀርመን ሰፋሪዎች «የእሑድ ቤት»

በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት የምትገኘው የፍሬድሪክስበርግ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. በጀርመን ሰፋሪዎች ተቆረቆረች። የገበሬዎቹ እርሻ ከከተማው የራቀ ስለ ነበረ፣ ቅዳሜ ገበያቸውን አድርሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስመው እስኪመለሱ ድረስ ማደሪያ አስፈለጋቸው። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ትንንሽ ቤቶች ሠሩ፤ ስማቸውም «የእሑድ ቤት» ተባለ። ብዙዎቹ ባለ አንድ ክፍል ሲሆኑ፣ ልጆች የሚተኙበት ቆጥ መወጣጫው በውጭ በኩል ነበር። ደንበኛው አድሮ ይገበያይ ነበርና፣ የከተማውን ነጋዴ ከሰፊ አዳራሽ ይልቅ እነዚህ ጎጆዎች ሳይጠቅሙት አልቀሩም። አውቶሞቢል መጥቶ መንገዱን ባሳጠረው ጊዜ ግን ቤቶቹ ሥራ ፈቱ። በ1904 ዓ.ም. የተሠራው የዌበር ቤት ዛሬ በሰፋሪዎቹ ሙዚየም ግቢ ይጎበኛል። ከቀሩትም አንዳንዶቹ ለእንግዳ ማደሪያ ይከራያሉ።