የጣና አርጃኖ

ከጣና በስተምዕራብ በምትገኘው በቁንዝላ ዳርቻ፣ ከደንገሉ አጠገብ ቆመው ሳለ፣ አንድ ረጅም ነገር ከሾላ ቅርንጫፍ ወርዶ ውሃ ውስጥ ጥልቅ ሲል ያዩ እንደ ሆነ፣ አዞ ነው ብለው አይደንግጡ። ጣና አዞ የለበትም። ያዩት አርጃኖ ነው።

አርጃኖ የእንሽላሊት ወገን ነው። ሌሊት በቤታችን ግድግዳ ላይ ትንኝ ስትለቅም ከምናያት ታናሽ እንሽላሊት ጋር ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ በመጠን አይገናኙም፤ ያደገ አርጃኖ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል፣ አንዳንዱም ሁለት ሜትር ይደርሳል። የግድግዳዋ እንሽላሊት በጣቶቿ ሥር ባለው እጅግ ደቃቅ ፀጉር መሰል ነገር ስትጣበቅ፣ እርሱ ዛፍ የሚወጣው በብርቱ ጥፍሩ ነው። ጅራቱ በግራና በቀኝ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ በውሃ ውስጥ መቅዘፊያ ይሆንለታል። ልጅ ሳለ ጥርሱ ስለታም ሆኖ ፌንጣና አንበጣ ይበላል፤ ሲያድግ ግን የኋላ ጥርሶቹ በዱልዱም ይተኩና ቀንድ አውጣና ሸርጣን መስበሪያ ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የእንቁላሉ ነገር ነው። ሴቲቱ በክረምት አፈሩ ሲለሰልስ ኩይሳ ትቆፍርና ከ20 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች። ቀዳዳውን የሚደፍኑት ምስጦቹ ራሳቸው ናቸው። ቤታቸውን ያፈረሰችባቸውን እንስሳ ልጆች የሚጠብቁላት ሞግዚቶች ሆኑ ማለት ነው! በኩይሳው ውስጥ ሙቀቱም እርጥበቱም ሌሊትና ቀን ብዙ ስለማይለዋወጥ እንቁላሎቹ በደኅና ወራት ይቆያሉ፤ የተፈለፈሉትም የሚቀጥለው ዝናብ ግድግዳውን ሲያለሰልስላቸው ቆፍረው ይወጣሉ።

ሥራው ሁሉ ደግ ነው አልልም። ዶሮና እንቁላል ይሰርቃል፤ መሸሻ ያጣ እንደ ሆነም ይነክሳል፣ በጅራቱም ይገርፋል። ሰው በእርሱ ላይ የሚያደርሰው ግን ይብሳል። ቆዳው ለእጅ ቦርሳ፣ ለጫማና ለሰዓት ማሰሪያ ስለሚፈለግ፣ ከአፍሪካ በየዓመቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቆዳ የወጣበት ዘመን ነበር። ስለዚህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ሥራ ላይ በዋለው፣ ኢትዮጵያም በ1989 በገባችበት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ውል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር እንዳይሸጥ ተደንግጓል።

ይህ ውል ግን ኩይሳውን አይጠብቅለትም። በሐይቁ ዳር ለመንገድ ወይም ለእርሻ ተብሎ በበጋ የሚናድ ኩይሳ የዓመቱን እንቁላል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሥራውን የሚያዝ ሹም አስቀድሞ የአገሩን ሰው ቢጠይቅ ብዙ አይደክምም።