ስንቅ ከፈተና በፊት

በጥር 2015 ይፋ የሆነው የ2014 ተፈታኞች የ12ኛ ክፍል ውጤት እስከ ዛሬ መነጋገሪያ ነው። ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ተፈታኞች 3.2 ሆነ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከፍ አለ። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ይሁንና ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላዩ አሁንም የማለፊያ ነጥቡን ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከቁጥሮቹ ሁሉ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላው ነው። በመጀመሪያው ዓመት 1,161፣ በሁለተኛው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ልጅ ሲወድቅ «አላጠናም» ብሎ መፍረድ ይቻል ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ከነተማሪዎቹ ሲወድቅ ግን ጥፋቱን በልጆቹ ላይ መጫን ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው።

ይህን ጉዳይ ከደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦርና ከዙሪያዋ ደጋ ሆኖ ማየት ይጠቅማል። ፋርጣ፣ እስቴ፣ ስማዳ፣ ላይና ታች ጋይንት፣ እብናት፣ የጉና ተራራ ግርጌ መንደሮች፤ ልጅ ለትምህርት ከቤቱ መውጣቱ ብርቅ ያልሆነበት አገር ነው። እዚህ የጎደለው የትምህርት ፍላጎት አይደለም።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት የጀመረው በ2015 መግቢያ፣ በ2014 ተፈታኞች ላይ ነው። ከዚያ በፊት በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ነበር። ኩረጃው ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ ወላጁም ያውቀዋል። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ ብሔራዊ ፈተናው ተቋርጦ ሌላ ጊዜ እንደገና ለመስጠት ግድ ሆኖ ነበር። የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ተማሪዎቹ ካምፓስ ገብተውና አድረው እንዲፈተኑ ያደረጉት ይህን ለመቁረጥ ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ኩረጃ ከማንም በፊት የሚበድለው በገዛ ጭንቅላቱ የሚሠራውን የገበሬ ልጅ ነው፤ መልስ የሚገዛበት ገንዘብም ሆነ በስልክ የሚልክለት ዘመድ የለውምና።

የመጀመሪያው ዙር ግን ያለ ችግር አላለፈም። በአማራ ክልል ባሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከ12 ሺህ በላይ ተፈታኞች «አንፈተንም» ብለው ግቢውን ጥለው ወጥተዋል። የዚያን ጊዜ ብዙ ሰው በልጆቹ ላይ ጣቱን ቀሰረ። እኔ ደግሞ የማስበው አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረውን ነገር በበሩ ላይ ጥሎ እንዲሄድ የሚያደርገው ምን ዓይነት ፍርሃት እንደሆነ ነው። ወረቀቱ ፊቱ ሲቀመጥ ከተማረው ጋር እንደማይገናኝ አስቀድሞ የገመተ ልጅ እንዲህ ቢያደርግ አይገርምም።

ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲገባ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የተፈታኞች ማደሪያ ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ ሐምሌዋ ጉምና ብርድ ነው። በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ ስልክ አይገባም። ከገጠር የመጣው ልጅ ባለ ፎቅ መኝታ ቤት ውስጥ ሲያድር፣ ወንበር ከወንበር ተራርቆ ሲቀመጥ፣ የማያውቀው መምህር ሲፈትነው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ፈተናው ከፊሉ በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ማውዝ የመያዝ ልምድ የሌለው ልጅ፣ ቤቱ ላፕቶፕ ካለው የከተማ ልጅ እኩል በዚያችው ደቂቃ ይለካል። ወራቱም የእርሻ ወራት ነው። አባት በሬ ጠምዶ ልጁን በሚፈልግበት ሰዓት ልጁ ስለ ፊዚክስ ቀመር ይጨነቃል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሳይነገር የሚታለፈው እዚህ ላይ ነውና። በደጋው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው አለ። ሁለተኛ ደረጃው ግን ብዙውን ጊዜ የወረዳው ከተማ ላይ ነው፤ ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳ፣ አርብ ገበያ። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ የገበሬ ልጅ በአሥራ አምስት ዓመቱ ቤት ተከራይ ይሆናል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይይዛሉ። መደቡ ላይ ሁለቱ፣ መሬቱ ላይ ሁለቱ ይተኛሉ። ጥግ ላይ የየራሳቸው ስልቻ ይቀመጣል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴ የደረቀ እንጀራ፣ ድንች። ዓርብ ከትምህርት ሲለቀቁ ሩቅ ያልሆኑት በእግራቸው ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። ቅዳሜ ከብት ይጠብቃሉ ወይም ያርማሉ፤ እሑድ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። የራቁት ደግሞ በገበያ ቀን የአገር ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ስንቁ ሳምንቱን የማያደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐሙስ ላይ ቁርስ ሳይበላ ክፍል የገባ ልጅ የዕለቱን የሒሳብ ትምህርት በልቡ መያዙን ማንም አይጠይቀውም። ጥያቄው የሚመጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በፈተናው ወረቀት ላይ ነው።

የሴቷ ደግሞ ይብሳል። ወላጅ ልጁን ከተማ ውስጥ ብቻዋን ቤት ተከራይታ እንድትኖር መፍቀድ ያስፈራዋል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። «ትዳር ይሻላል» የሚለው ምክር ቤት የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ከ8ኛ ክፍል በኋላ የቀረችው ልጅ 12ኛ ክፍል ደርሳ አልወደቀችም፤ በየትኛውም የውጤት ዘገባ ውስጥ አትቆጠርም።

ትምህርቱ ራሱ ሌላ ዳገት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ መምህሩ ግን ተማሪው እንዲገባው በአማርኛ ያስረዳል፤ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ያስገለብጣል። ላቦራቶሪ የሚባለው ክፍል ብዙ ቦታ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ለተማሪው በጊዜ አልደረሰም። የከተማው ተማሪ መጽሐፉን በቴሌግራም ያወርዳል፤ ቲቶሪያል ይገባል፤ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ይሠራል።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ተጨመረ። በነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ ነበር። ያ ቁስል ሳይሽር ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። የ2015 ተፈታኞች ውጤት በመስከረም 2016 መጨረሻ ሲለቀቅ ክልሉ በዚያ ጨለማ ውስጥ ነበር። የሌላ ክልል ተማሪ ውጤቱን በስልኩ ሲያይ፣ የደብረ ታቦር ተማሪ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ደውሎ የመለያ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበበ «እስቲ እይልኝ» ይል ነበር። በ2017 ደግሞ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ከአራት ሚሊዮን በላይ ተማሪ ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። መምህራን ሞተዋል፤ ትምህርት ቤቶች ካምፕ ሆነዋል። ጠመንጃ የያዙ ወገኖች ሁሉ ትምህርት ቤትን ከጠባቸው ውጭ ማድረግ አለባቸው። ይህን ላለማድረግ ማንም የሚያቀርበው ምክንያት የለም፤ ቢያቀርብም አልቀበልም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ አልፎ 50 ከመቶ ያመጣ ልጅ ምን ያገኛል? ብዙ ያገኛል፤ ይህን መካድ አይገባም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መኝታና ምግብ አለው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለዓመታት 22 ብር ተመድቦ የነበረው በ2017 ወደ 100 ብር አድጓል። ወጪው በ1995 በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ ተማሪው ውል ይፈርማል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ተማሪዎች ኮስት ሼሪንግ የሚሉት ይህንን ነው። ትንሽ ያነሰው ደግሞ በሪሜዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት፣ ሌላ ዕድል ይሰጠዋል። ሪሜዲያልን የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ጥሩው ይመስለኛል። ልጁ ጠግቦ እየበላ፣ መብራት ባለበት እያጠና ጥቂት ወራት ሲቀመጥ ምን እንደሚሠራ የታየበት ነውና።

ሌሎቹ በሮች ጠባብ ናቸው። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ ስለዚህ እዚያ መማር የሚፈልግ ልጅ ከብሔራዊው ሌላ ተጨማሪ ፈተና አለበት። የውጭ አገር ስኮላርሺፕ የሚፈልገው ደግሞ ፓስፖርት፣ በዶላር የሚከፈል የቶፍል ወይም የኤስኤቲ ፈተና፣ ማመልከቻውን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ቤት ተቀምጠው በኢንተርኔት የሚወስዱት የዱዎሊንጎ ፈተና ዋጋው ይቀንሳል፤ ኔትወርክ ለሌለው ግን ያው ነው። በቅርብ ካሉት መካከል ሊታወቅ የሚገባው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያካሄደው የነፃ ትምህርት ዕድል ነው፤ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን በተለየ ሁኔታ የሚያቅፍ ነው። የደጋው ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲለጠፍ ብዙም አይታይም።

ነገሬ ግን ወዲህ ነው። እነዚህ ዕድሎች ሁሉ የሚጀምሩት ከፈተናው ማግስት ነው። ያለፈው ልጅ አልጋም፣ ምግብም፣ መብራትም ያገኛል። እነዚህ ነገሮች ግን ያስፈለጉት ለማለፍ ነበር። በሶው ሐሙስ ያለቀበት ልጅ ስኮላርሺፕ የሚያሻው ያኔ ነው። የእኛ ድጋፍ ሁሉ ዳገቱን ወጥቶ ለጨረሰው በቅሎ እንደማቅረብ ሆኗል።

ይህ አገር ደግሞ ሌላውን መንገድ ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም መዲና ናት። ከየአገሩ የመጣ የቆሎ ተማሪ እነዚህ ጉባኤ ቤቶች ሲደርስ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲለምን የመንደሩ ሰው ቁራሹን የሰጠው ከመነሻው ነው፤ ቀለም እስኪለይ፣ እስኪመሰከርለት አልጠበቀም። ሕይወቱ መራራ ነበር፤ በረሃቡና በወረርሽኙ የቀረውም ብዙ ነው፤ ልናሞካሸው አይገባም። ግን ድጋፉ ከፈተናው ይቀድም ነበር።

ዘመናዊውም ትምህርት ሲጀመር በዚሁ ሐሳብ ነበር። በ1938 አዲስ አበባ የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ልጆችን እየመረጠ በአዳሪነት ያስተምር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤትም ከየክፍለ ሀገሩ የላቁትን ተቀብሎ 12ኛ ክፍልን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ እያበላና እያሳደረ ያስጨርሳቸው ነበር። ማትሪክ የሚፈተኑት ከዚያ በኋላ ነበር። ዛሬም በከባዱ ፈተና ተማሪዎቻቸውን በብዛት ካሳለፉት መካከል ጎልተው የታዩት እንደ ደሴ ልዩ አዳሪ ያሉ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እርግጥ ተማሪ መርጠው ይቀበላሉ፤ ውጤታቸው ሁሉ በአልጋና በምግብ የመጣ አይደለም። ቢሆንም እነዚያው ጎበዝ ልጆች የጭቃ ክፍል ተከራይተው ቢሆን ኖሮ ያንኑ ያመጡ ነበር የሚል ሰው ካለ አንድ ሳምንት እዚያ ይደር።

ታዲያ ለደቡብ ጎንደር አዳሪ ትምህርት ቤት በየወረዳው ይሠራ ማለቴ አይደለም፤ በጀቱም፣ ሰላሙም የለም። ከዚያ የሚያንስ ነገር ይበቃል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለ፤ ከእያንዳንዱ የገጠር ትምህርት ቤት ጥሩ ያመጡትን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ ስማቸውን ለመለየት አዲስ ፈተና አያስፈልግም። በየሁለተኛ ደረጃው አጠገብ አንድ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ፣ አንዲት ጠባቂ እናት፣ አንድ ወጥ ቤት። የአማራ ልማት ማኅበር መማሪያ ክፍሎችን ከአባላቱ መዋጮ ሲሠራ ኖሯል፤ ማደሪያም ይሠራል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና በጌምድር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እዚያው ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ቲቶሪያል የሚሰጡ ወጣት መምህራን አያጡም። መንገዱ የሚፈቅድ ከሆነ ማለቴ ነው።

በአዲስ አበባና በውጭ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ደግሞ ልባቸው ሰፊ ነው። ውጤት በተለቀቀ ቁጥር ከፍተኛ ነጥብ ላመጡት ላፕቶፕ ይገዛሉ፤ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሥነ ሥርዓት አዘጋጅተው ይሸልማሉ። የተሸለመው ልጅ ይገባዋል። ግን መንግሥት አልጋና ምግብ ሊሰጠው በተዘጋጀ ልጅ ላይ የሚወጣው ያ ገንዘብ፣ በወረዳ ከተማ ላሉ የ9ኛ ክፍል ልጆች የቤት ኪራይና የጤፍ ወይም የገብስ መግዣ ቢሆን ፎቶ የሚነሱበት መድረክ አይኖረውም፤ ውጤቱም የሚታየው ቆይቶ ነው። በ2018 9ኛ ክፍል የገቡት የሚፈተኑት በ2021 ነው። የሚቀጥለው የሽልማት ኮሚቴ ሲሰበሰብ የበጀቱን ግማሽ ለእነርሱ እንዲያዞር ነው የምጠይቀው። ስማቸው በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት አለ፤ የተከራዩባቸውን ቤቶችም የከተማው ሰው ያውቃቸዋል።