ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ ለሚነሱ ቤተሰቦች፦ ወጥ ቤት ያለው የባሕር ዳርቻ ማረፊያ እንዴት ይመረጣል?

በካሊፎርኒያዎቹ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፓስፊክ ውቅያኖስ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ የአንድ ሰዓት ገደማ ጉዞ ነው። ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራይቶ ጥቂት ቀናት ማሳለፍ ደግሞ ለሰፊ ቤተሰብ ከሆቴል ይልቅ ሊመች ይችላል። አያቶችና የልጅ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ የሚጾመውም የማይጾመውም የሚበላውን ያገኛል።

ነገር ግን በኪራይ ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ውብ ባሕር የማይናገራቸው ጉዳዮች አሉ። የሰሜን ካሊፎርኒያ ውኃ ቀዝቃዛ ነው፤ ማዕበሉም የሰው ሕይወት ይቀጥፋል። ስለዚህ መንደር ሲመረጥ ከውበቱ አስቀድሞ የሚሄዱት ሰዎች ዕድሜና አቅም ሊታሰብ ይገባል።

የትኛው ወር ይሻላል?

በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሳን ሆዜ በሙቀት ስትጨነቅ የባሕሩ ዳርቻ በጉም ሊሸፈንና ሹራብ ሊያስለብስ ይችላል። ከውቅያኖሱ ጥልቀት የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ በላዩ የሚነፍሰውን እርጥብ አየር ወደ ጉም ይለውጠዋል፤ የውስጠኛው ምድር ሙቀት ደግሞ ጉሙን ወደ የብስ ይስበዋል።

ሰማዩ በአብዛኛው የሚጠራው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ይህም ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል በዓላት ጋር ይገጥማል። በነሐሴ መጀመሪያ የሚጓዙ ግን የፍልሰታን ጾም ማሰብ ይኖርባቸዋል፤ በትንንሽ መንደሮች የጾም ምግብ እንደልብ ስለማይገኝ የወጥ ቤቱ ጥቅም ይበልጥ ይጎላል።

ሦስት መንደሮች

ሃፍ ሙን ቤይ፦ ከኦክላንድ በሳን ማቴዮ ድልድይ ተሻግሮ በ92 አውራ ጎዳና ይደረስባታል። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች አሏት፤ በባሕሩ ጠርዝ የተዘረጋው ጥርጊያ መንገድም ለአረጋውያን የእግር ጉዞ ምቹ ነው። በአቅራቢያዋ ባለው ፒላር ፖይንት ወደብ ዓሣ አጥማጆች ያጠመዱትን ከጀልባቸው ላይ ይሸጣሉ። ሆኖም በግዙፍ ማዕበሉ በዓለም የታወቀው ማቨሪክስ የሚገኘው እዚሁ አካባቢ ነው። ቦታው ከዋና ይልቅ ለእይታና ለእግር ጉዞ ይመረጣል።

ካፒቶላ፦ ለሳን ሆዜ ነዋሪዎች ትቀርባለች፤ ተራራ የሚያቋርጠው 17 አውራ ጎዳና ግን ጠመዝማዛ ነው፣ በበጋ ቅዳሜና እሁድም ይጨናነቃል። በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የተከለለች በመሆኗ ማዕበሏ ለስለስ ይላል። በጥር 2023 የደረሰው ዐውሎ ነፋስ የባሕር ዳር ሱቆቿንና ምግብ ቤቶቿን ጎድቶ የእንጨት መተላለፊያዋን ሰብሮት ነበር፤ መተላለፊያው በ2024 ታድሶ ተከፍቷል።

ስቲንሰን ቢች፦ ሰፊ አሸዋ አላት፤ በበጋም የሕይወት አድን ሠራተኞች ይሰማሩባታል። ሆኖም የታማልፓይስን ተራራ የሚዞረው መንገድ መኪና የሚያዞራቸውን ተጓዦች ያስቸግራል። የሚሸመትባት ቦታ ትንሽ በመሆኑ እንጀራውም፣ ዘይቱም፣ ሽሮውም ከቤት መጫን አለበት።

ባሕሩ ለምን ያስፈራል?

የውኃው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በድንገት የገባ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ጥሩ ዋናተኛም ቢሆን ክንዱና እግሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊዝልበት ይችላል።

ሌላው አደጋ ጸጥ ካለ ቆይታ በኋላ ሳይታሰብ ዳርቻውን የሚያጥለቀልቅ ማዕበል ነው። በውኃው ጠርዝ የቆመን ሰው ጠርጎ ሊወስድ ስለሚችል ለባሕሩ ጀርባ መስጠትም ሆነ ሕፃናትን ለብቻቸው መተው አይገባም። ወደ ጥልቁ በሚጎትት ጅረት የተያዘ ዋናተኛ ደግሞ ከጅረቱ ጋር ከመታገል ይልቅ ከዳርቻው ጎን ለጎን ቢዋኝ ይመከራል።

ሱናሚም መዘንጋት የለበትም። ታኅሣሥ 5 ቀን 2024 (እ.አ.አ.) በሰሜን ካሊፎርኒያ ጠረፍ መጠኑ 7.0 የደረሰ ርዕደ መሬት ሲከሰት የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነዋሪዎች በስልካቸው ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል፤ ማስጠንቀቂያው ቆየት ብሎ ቢነሳም ክስተቱ ማሳሰቢያ ነው። ተከራዮች በደረሱበት ዕለት ወደ ከፍተኛ ቦታ የሚያወጣውን መንገድ ቢያውቁ ይበጃል።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወጥ ቤት አለ ማለት ለአሥር ሰው ማብሰል ይቻላል ማለት አይደለም። የምድጃው ብዛት፣ የድስቶቹ መጠንና የማቀዝቀዣው ስፋት ሊጠየቅ ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚወስድ በአሮጌ ቤት መብራት ሊያጠፋ ይችላል፤ እንጀራውን ከኦክላንድ ወይም ከሳን ሆዜ ገዝቶ መሄድ ይቀላል።

ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጤስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሊጮኽ ይችላል፤ ጭስ የሚከለክል ውልም አለ። ቡናውን በቤት ቆልቶ መምጣት ወይም ከባለቤቱ ፈቃድ መጠየቅ ቅጣትን ያስቀራል። የሚያድሩትም ሆነ ቀን የሚጠይቁ እንግዶች ቁጥር በውሉ ሊገደብ እንደሚችል ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 (እ.አ.አ.) ወዲህ የሚለጠፈው ዋጋ እንደ ጽዳት ያሉ የግዴታ ክፍያዎችን ማካተት አለበት፤ የመንግሥት ግብር ግን ለብቻው ሊጨመር ይችላል። ከመግቢያው ሰዓት ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ የያዘ ሰውም ሐሳቡን ቢለውጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል።

በጀቱ የጠበበበት ቤተሰብ የባሕር ፊት ቤት ካልተከራየሁ ብሎ መጨነቅ አያሻውም። በግዛቲቱ ሕግ የባሕሩ ሞገድ የሚያረጥበው አሸዋ የሕዝብ ነው፤ በ1976 የወጣው የባሕር ጠረፍ ሕግም የሕዝቡን መግቢያ ይጠብቃል። ጥቂት ገባ ብሎ ርካሽ ቤት የያዘውም፣ በውድ ዋጋ ከውኃው አጠገብ ያደረውም ጠዋት የሚረግጡት ያንኑ አሸዋ ነው።