የተበላሸ የላፕቶፕ ስክሪን አቀያየር

የአንድን ሥራ አሠራር የሚያስረዳ ድርሰት ሁለት ነገሮችን አሟልቶ መገኘት ይኖርበታል። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው፤ ሁለተኛው ምክንያት ነው። ጸሐፊው መቅደም የሚገባውን አስቀድሞ፣ መከተል የሚገባውን አስከትሎ ካልጻፈ አንባቢው ሥራውን ሊያከናውን አይችልም። እያንዳንዱ ተግባር ለምን እንደሚፈጸም ካላስረዳ ደግሞ አንባቢው ያልተጠበቀ ነገር በገጠመው ጊዜ የሚያደርገው ይጠፋዋል። የሚከተለውን ምንባብ እነዚህን ሁለት ነገሮች እየተከታተላችሁ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ከጠረጴዛ በወደቀ ጊዜ፣ ወይም በኪቦርዱ ላይ የተረሳ እስክርቢቶ ሳይነሣ ክዳኑ በተዘጋ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ስክሪኑ ነው። ባለቤቱም የጨለመውን ስክሪን ተመልክቶ የጻፈው ጽሑፍና ያጠራቀመው ፎቶግራፍ ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መስተዋት ቢሰበር የተመልካቹ ፊት እንደማይቆስል ሁሉ፣ ስክሪን ቢሰበርም በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠው ሥራ አይጠፋም። ስክሪን ማሳያ ብቻ ነው፤ ጽሑፉና ፎቶግራፉ የሚቀመጡት ከኪቦርዱ ሥር በሚገኘው ማከማቻ ነው። ስለዚህ የተበላሸውን ስክሪን በሌላ በመተካት ኮምፒዩተሩን እንደገና በሥራ ላይ ማዋል ይቻላል። ይህንንም ሥራ ትዕግሥትና ጥንቃቄ ያለው ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ሀ. ስክሪን ከምን ይሠራል?

በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው ስክሪን በሁለት ስስ መስተዋቶች መካከል የተያዘ ፈሳሽ ክሪስታል አለው። ፈሳሽ ክሪስታል እንደ ውሃ የሚፈስ፣ ነገር ግን ቅንጣቶቹ እንደ ጠጣር አካል በሥርዓት የሚሰለፉ ነገር ነው። ይህን እንግዳ ጠባይ በ1888 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ፍሪድሪኽ ራይኒትሰር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። ኤሌክትሪክ በደረሰው ጊዜ የቅንጣቶቹ አሰላለፍ ይለወጣል፤ በዚህም የተነሣ ብርሃን እንዲያልፍ ወይም እንዳያልፍ ይደረጋል። ባለ 1366 በ768 ነጥብ የሆነው ስክሪን ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ነጥቦች አሉት።

ይሁን እንጂ ፈሳሽ ክሪስታል ራሱ ብርሃን አያመነጭም። ብርሃኑ የሚመጣው በስክሪኑ ጠርዝ ከተደረደሩ ጥቃቅን አምፖሎች ነው። ምስሉንና ኤሌክትሪኩን ወደ ስክሪኑ የሚያደርሰው ደግሞ በክዳኑ ማጠፊያ በኩል የሚያልፍ ቀጭን ኬብል ነው። እንግዲህ መስተዋቱ፣ አምፖሎቹና ኬብሉ እያንዳንዳቸው ሊበላሹ ይችላሉ፤ የየራሳቸውም ምልክት አላቸው።

ለ. ሕመሙን ለይቶ ማወቅ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት ብልሽቱ የት እንደሆነ መርምሩ። የብልሽቱን ሥር ሳያውቅ ስክሪን የሚገዛ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያባክናል።

በስክሪኑ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ወይም እንደፈሰሰ ቀለም ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ የተሰበረው መስተዋቱ ነው፤ መለወጥ አለበት። ክዳኑን ከፍና ዝቅ ስታደርጉ ምስሉ የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ግን የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። ስክሪኑ ጨልሞ ሳለ የእጅ ባትሪ ብርሃን በጎን ስታበሩበት ደብዛዛ ምስል ከታያችሁ ምስሉ አለ፣ ብርሃኑ ግን የለም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አምፖሎቹ ተቃጥለው፣ ወይም ኤሌክትሪኩ በኬብሉ ብልሽት ሳይደርሳቸው ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ኬብሉን መርምሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥን ወይም ከሌላ ስክሪን ጋር በኬብል ማገናኘት ነው። በዚያኛው ላይ ጥርት ያለ ምስል ከታየ ዋናው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ፣ ጤናማ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። እዚያም ላይ ያው መስመርና ያው ብልሽት ከታየ ግን ሕመሙ ከስክሪኑ አይደለም፤ አዲስ ስክሪን ቢገዛም አያድነውም። ምስሉ በውጭው ስክሪን ላይ እየታየ ሳለ አስፈላጊ ጽሑፎቻችሁን በፍላሽ ላይ ገልብጡ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሕተት ሁሉ ቢያንስ ሥራችሁን አይነካውም።

ሐ. አፈታት

መሣሪያው ብዙ አይደለም። አነስተኛ ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቢቴ፣ አገልግሎቱ ያበቃ የፕላስቲክ ካርድ፣ ለስላሳ ጨርቅና ብሎኖች የሚጠራቀሙበት ሳሕን ይበቃል። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ ከውስጡ የወጣ ፈሳሽ እጃችሁን ቢነካው ወዲያውኑ በሳሙና ታጠቡ።

በመጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፉና ቻርጀሩን ንቀሉ። ቀጥሎም ባትሪውን አውጡ፤ ባትሪው በውስጥ የተቀበረ ከሆነ የታችኛውን ክዳን ፈትታችሁ የባትሪውን ኬብል ከማዘርቦርዱ አላቅቁ። ከዚያም ማብሪያውን ለ15 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ በመያዝ በውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ። ይህ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ባለበት የስክሪኑን ኬብል መንቀል ወይም መሰካት በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል። ባትሪው አብጦ ብታገኙት ሥራውን እዚያው ላይ አቁሙ፤ ያበጠ ባትሪ ቢወጋ ወይም ቢጫን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ለባለሙያ የሚተው ነው።

ሁለተኛው ተግባር ክፈፉን ማንሣት ነው። ክፈፍ ማለት ስክሪኑን ዙሪያውን የከበበው የፕላስቲክ ጠርዝ ነው። በማዕዘኖቹ ላይ ትናንሽ የጎማ መሸፈኛዎች ካሉ አንሥታችሁ ከሥራቸው የተደበቁትን ብሎኖች ፍቱ። ቀጥሎም የፕላስቲክ ካርዱን በጠርዙ በኩል አስገብታችሁ ክፈፉን ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ አላቅቁ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ክፈፉን የያዙት ጥርሶች ሲለቁ የሚሰማ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ። ነገር ግን በካርድ ፈንታ ቢላዋ አትጠቀሙ፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ በብረት የተፈለቀቀ ክፈፍ ተመልሶ አይገጥምም።

ሦስተኛው ተግባር ስክሪኑን ከክዳኑ ጋር ያያዙትን ብሎኖች መፍታት ነው። የመጨረሻው ብሎን በተፈታ ጊዜ ስክሪኑን ጎትታችሁ አታውጡት፤ ከጀርባው ኬብል አለና። ኪቦርዱን በጨርቅ ሸፍናችሁ ስክሪኑን በፊቱ አስተኙት። ኬብሉን የያዘውን ፕላስተር ላጡ፤ መቆለፊያ ሽቦ ካለው አንሡ። ከዚያም የኬብሉን ጫፍ ይዛችሁ ከስክሪኑ ጀርባ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ሳቡት። ወደ ላይ መሳብ መግቢያውን ይሰብረዋል።

መ. ተተኪውን መምረጥ

የስክሪን ስፋት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በኢንች ይለካል። ይሁንና ሁለት ባለ 15.6 ኢንች ስክሪኖች አንድ ዓይነት ናቸው ማለት አይደለም። አንዱ 1366 በ768፣ ሌላው 1920 በ1080 ነጥብ ሊኖረው ይችላል፤ የአንዱ የኬብል መግቢያ 30 ጫፍ፣ የሌላው 40 ጫፍ ሊሆን ይችላል፤ የብሎን ማሰሪያዎቹም ቦታ ይለያያል። ስለዚህ በአሮጌው ስክሪን ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የታተመውን የሞዴል መለያ በጥንቃቄ ገልብጣችሁ ያንኑ ወይም ከእርሱ ጋር የሚተካካ መሆኑ የተረጋገጠውን ግዙ። አሮጌውን አስቀድሞ መፍታት የሚበጀው ለዚህ ነው።

ሠ. አገጣጠም

አዲሱን ስክሪን በጨርቁ ላይ በፊቱ አስተኝታችሁ ኬብሉን ያለ ግፊት ወደ መግቢያው አንሸራትቱ፤ በፕላስተሩም አጣብቁት። አልገባም ቢል አቅጣጫውን መርምሩ እንጂ አታስገድዱት። ከዚያም ብሎኖቹን ከማሰራችሁ በፊት ባትሪውን መልሳችሁ ኮምፒዩተሩን አብሩ። ምስሉ ጥርት ብሎ ከታየ አጥፉት፤ ባትሪውንም እንደገና አላቅቃችሁ ብሎኖቹን እሰሩ፣ ክፈፉን ግጠሙ፣ መሸፈኛዎቹን መልሱ፤ በመጨረሻም ባትሪውን በቦታው አድርጉ። ሙከራው ከመዝጋት በፊት የሚደረገው፣ ስሕተት ቢገኝ የሠራችሁትን ሁሉ እንደገና እንዳታፈርሱ ነው።

ይህ አሠራር ለሁሉም ላፕቶፕ አይሆንም። በጣት የሚታዘዙትና እጅግ ስስ የሆኑት ብዙውን ጊዜ ስክሪናቸው ከፊተኛው መስተዋት ወይም ከክዳኑ ጋር በማጣበቂያ የተያያዘ ስለሆነ በካቻቢቴና በካርድ ብቻ አይለወጥም። የራስን ችሎታ ወሰን ማወቅም የሥራው አንድ ክፍል ነው። እንግዲህ ጥሩ ሠራተኛ የሚባለው ብሎን ፈጥኖ የሚፈታ ሳይሆን፣ ከመፍታቱ በፊት የሚፈታበትን ምክንያት የሚያውቅ ነው።

ጥያቄዎች

1. ስክሪኑ ቢሰበርም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ጽሑፍ የማይጠፋው ለምንድን ነው?
2. አንድ ላፕቶፕ በራሱ ስክሪንም ሆነ በቴሌቪዥን ላይ አንድ ዓይነት የተበላሸ ምስል ቢያሳይ ባለቤቱ ምን መረዳት ይኖርበታል?
3. በምንባቡ ውስጥ «ከ… በፊት»፣ «ቀጥሎም»፣ «ከዚያም»፣ «በመጨረሻም» የሚሉት ቃላትና ሐረጎች የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ፈልጉ። ቃላቱ ቢወጡ ቅደም ተከተሉ እንዴት ይዛባል?
4. «ፈታ» ከሚለው ግሥ «አፈታት»፣ «ገጠመ» ከሚለው «አገጣጠም» የሚሉ የአኳኋን ስሞች ይመሠረታሉ። «ነቀለ»፣ «መረጠ»፣ «አሰረ» ከሚሉት ግሦች ተመሳሳይ ስሞችን መሥርታችሁ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
5. በቤታችሁ የምታውቁትን አንድ የጥገና ሥራ መርጣችሁ የእያንዳንዱን ተግባር ምክንያት በማስረዳት የሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ።